በዓሉ አለ፤ መቃብሩስ?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በሰሜን ሸዋ ገጠር ስለ አንድ ጻድቅ መቃብር የጠየቀ ሰው ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰማል። አንዱ «ተሰውረዋል» ይለዋል። ሌላው «ዐፅማቸው ፈልሷል» ይለዋል። ሦስተኛው ራሱን እያከከ «እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ይባላል፤ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቁት አባት ግን ዐርፈዋል» ይለዋል። ለሰሚው ሦስቱም «መቃብሩ አይታወቅም» ማለት ይመስላሉ። ከእኛ የሚፈልጉት ሥራ ግን ለየቅል ነውና መጀመሪያ እንለያቸው።

ተሰወረ የተባለ ጻድቅ እንደ ሰው ሁሉ ሞቶ አልተቀበረም። ማኅሌታይ ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ እንደተሰወረ ትውፊታችን ያስተምራል። ለእንዲህ ያለው ጻድቅ መቃብር መፈለግ ከገድሉ ጋር መጣላት ነው። በስሙ «መቃብር ተገኘ» የሚል ወሬ ሲነሣም አስቀድሞ የሚገለጠው ገድሉ ነው። ፈለሰ የተባለው ደግሞ ተቀብሮ፣ ኋላ ዐፅሙ በክብር ተነሥቶ ሌላ ስፍራ ያረፈ ነው። የፊተኛው መቃብር ባዶ ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ጠፋ ማለት የሚገባን ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ ሳይናገር ወይም ሳይጽፍ ሄደ።

ለመሆኑ የከበረ የጻድቅ መቃብር እንዴት ይጠፋል? ሰው ጻድቁን ስለረሳ ነው ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። እንደኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ታቦቱ አለ፣ ወርኃዊ በዓሉ አለ፣ ገድሉ ይነበባል፣ መልክኡ ይደገማል፣ ጸበሉ ይጠመቃል፣ ማኅበሩ ይጠጣል። ይህ ሁሉ እየሆነ ዐፅሙ በየትኛው ማዕዘን እንዳረፈ አለማወቅ የማንንም ሥራ አያጓድልም። ቅዳሴው አይታጎል፣ በዓሉ አይቀር። ጉድለቱ የሚታወቀው አሮጌው ወለል ሊፈርስ ወይም በግቢው ጥግ መንገድ ሊወጣ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

የሌሎችን ሥርዓት ብናይ ምክንያቱ ይገለጥልናል። እ.ኤ.አ. በ787 በኒቅያ የተሰበሰበውና እኛ የማንቀበለው ጉባኤ በ7ኛው ቀኖናው ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰማዕታት ዐፅም እንዳትባረክ ደነገገ። ስለዚህ በግሪኮችና በላቲኖች ዘንድ ዐፅም ይከፋፈላል፣ ከአገር አገር ይላካል፣ ማኅተም ይደረግበታል፣ የምስክር ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ሲሰረቅም ኖሯል። በእኛ ሥርዓት ግን ቤተ ክርስቲያንን የሚያከብራት ታቦቱ ነው። የጻድቃኖቻችን ዐፅም ያልተበታተነው በዚህ ነው፤ መዝገብ ያልተበጀለትም በዚሁ ነው። ግብፆች በመካከል ናቸው፤ ዐፅሙን በድቡልቡል ሣጥን አድርገው በከፋይ ይጠቀልሉና በበዓሉ ቀን ሽቱ ይቀቡታል። በየዓመቱ እጅ የሚነካው ነገር በቀላሉ አይጠፋም።

መጥፋቱ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስ መቃብር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ415 ሉክያኖስ የተባለ ቄስ በራእይ ተመርቶ ከፍረ ገማላ በምትባል መንደር አገኘው። መስከረም 15 የምናስበው ፍልሰት ከዚህ የተነሣ ነው። የወንጌላዊው ማርቆስ ዐፅም እ.ኤ.አ. በ828 በቬኒስ ነጋዴዎች እጅ ከእስክንድርያ ወጥቶ፣ ከፊሉ ካይሮ የተመለሰው በሰኔ 1960 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በተመረቀው ካቴድራል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር። የቅዱስ ሚናስ ከተማ በግብፅ በረሃ አሸዋ ውጦት እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ከእኛ ወገን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በአርመን ዐርፈዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸው ሥርዓታቸውን ይዘው ተመለሱ፣ ዐፅማቸው እዚያው ቀረ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጠን የለም። የተወለዱት በቡልጋ፣ በጽላልሽ ነው፤ ዛሬ ኢቲሳ እንለዋለን። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ነሐሴ 24 ቀን፣ በደብረ አስቦ ዐርፈው በጸለዩበት ዋሻ ተቀበሩ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ የገዳሙ አለቃ በነበሩት በአባ ሕዝቅያስ ዘመን፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ዐፅማቸው ወደ ታነጸው ቤተ ክርስቲያን ፈለሰ። አንድ ጻድቅ፣ ሁለት የመቃብር ስፍራ፣ ሁለት በዓል ማለት ነው። ዋሻው ባዶ መሆኑን አይቶ «ዐፅሙ ጠፍቷል» የሚል ሰው የነሐሴውን አንብቦ የግንቦቱን ዘሎታል።

ደብረ አስቦ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በ1523 ዓ.ም. ክረምት የኢማም አሕመድ ጦር ደርሶ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ፤ መነኮሳቱ ወደ እሳቱ እየገቡ መሞታቸውን የኢማሙ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ከዚያ ወዲህ የእጨጌው፣ ማለት የደብረ ሊባኖሱ አለቃ፣ መንበር ወደ ጎንደር አዘዞ ዞረ፤ በሸዋ ያለው ገዳም ብዙ ዘመን ተዳክሞ ኖረ። ዛሬ የምንሳለመው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተመረቀው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዋሻውና በዛሬው ሕንፃ መካከል ስንት ግድግዳ ወድቆ ስንት እንደተነሣ አስቡት። ግንቦት 12 ግን በስንክሳሩ ገጽ ላይ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ቀኑ ድንጋዩን አልፎ ኖረ።

ገድሉን ለመረጃ የምትጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ያዙ። የጻድቁ ገድል የዋልድባ፣ የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት። የደብረ ሊባኖሱ የተጠናቀረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ከቃጠሎው በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ስፍራው የሚናገረው ሁሉ ያልተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ቃል ነው። በዚያ ቃል ዛሬ ባለው ግቢ ውስጥ እርምጃ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። ይህ ለሌሎች ገድሎችም ይሠራል፤ ገድሉ መቼ እንደተጻፈ ሳይታወቅ «በቀኝ በኩል» የሚለው ቃል ምንም አይጠቅምም።

የደብረ አስቦ አለቃ የነበሩት አቡነ ፊልጶስ ደግሞ ከነገሥታቱ ጋር በጋብቻ ሕግ ተጣልተው ተሰደዱ፣ በስደትም ዐረፉ። ዐፅማቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ የተመለሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የፍልሰቱ ታሪክም ራሱን ችሎ ተጽፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን ቦታውን እየጠበቀ ለልጁ የሚያሳይ ወገን ባይኖር ኖሮ የሚነሣ ዐፅም ባልተገኘ ነበር። በነገራችን ላይ ይህችን ደብረ ብርሃንን የመሠረቷት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ራሳቸው ዐፅማቸው ያለው ጣና ውስጥ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የሚፈልሰው የጻድቅ ብቻ አይደለም።

ፈላጊን ከሚያስቱት ነገሮች አንዱ የስም መለወጥ ነው። ገድሉ ግራርያ ሲል እኛ ሰላሌ እንላለን፤ ጽላልሽ ሲል ቡልጋ፣ ፈጠጋር ሲል ምንጃርና አካባቢው። ሁለተኛው ሞክሼነት ነው። አኖሬዎስ ሁለት ናቸው፤ ዐቢይና ንኡስ ተብለው ይለያሉ። ሳሙኤል ዘዋልድባ አለ፣ ሳሙኤል ዘወገግ አለ። የቅጽሉ ቃል በአፍ ሲወድቅ የአንዱ መቃብር ለሌላው ይሰጣል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚያርመው አይገኝም።

አሁን በየዕለቱ ዓይናችን እያየ ወደሚሆነው ልግባ፤ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገውም ይህን ነው። ከግራኝ ዘመን ይልቅ ዛሬ ብዙ መቃብር የሚያጠፋው የሕንፃ እድሳት ነው። የድሮው ክብ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ክዳኑ ያፈሳል፣ በየጊዜው ይታደሳል፤ ግን የሚታደሰው እዚያው መሠረቱ ላይ ነው። መቅደሱ ከመቅደስነቱ አይነሣም፣ ቅድስቱም ከቅድስትነቱ። የመቃብሩም ምልክት ትንሽ ነገር ናት፦ ከወለሉ ከፍ ያለች ድንጋይ፣ ሰው እንዳይረግጣት የተጋረደች ጥግ፣ ሰሌኑ የማይነጠፍባት ክንድ ያህል ስፍራ። አዲሱ ሥራ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ መሆኑ ይቀርና አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ይሰፋል፣ ወደ ምሥራቅ ይገፋል። ወለሉ ተቆፍሮ አፈሩ ይወጣል፣ ገረጋንቲ ይሞላል፣ ኮንክሪት ይፈስበታል፣ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። በቅድስት የነበረው መቃብር በቅኔ ማኅሌት መሐል ይቀራል፤ አልያም ከአፈሩ ጋር በአካፋ ወጥቶ ግቢው ጥግ ይደፋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ፎርማኑ የተሰጠውን ንድፍ ተከተለ፤ በንድፉ ላይ መቃብር የሚል ምልክት አልነበረም።

በግቢው ያለውም እንደዚሁ ነው። መቃብር በመቃብር ላይ ይቆፈራል፤ የፊተኛው ዐፅም ተለቅሞ ወደ ጎን ይደረጋል። የእብነ በረድ ሐውልት የሚያሠራ ባለገንዘብ ሲመጣ «ባዶ» ተብሎ የሚታየው ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ የሆነው ስፍራ ነው። ያ ስፍራ ባዶ የሆነው ግን አባቶች ለክብሩ ሲሉ ሰው ስላልቀበሩበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈቅድ ሰበካ ጉባኤ ጥቂት አይደለም።

ምእመኑም የራሱ ድርሻ አለው። ከመቃብሩ ላይ ለእምነት አፈር ይዘገናል፤ ጉድጓድ ሲሆን ሌላ አፈር ይጨመርበታል፤ ዳር የነበረው ድንጋይ እየተገፋ ይሄዳል። በዚህ አኳኋን የአንድ መቃብር ምልክት በሃያና በሠላሳ ዓመት ክንድና ሁለት ክንድ ሊሸሽ ይችላል። አፈሩ ከሌላ የተባረከ ዕቃ ይሰጥ፤ መቃብሩ አይቆፈር። የተፈጥሮውንም አንርሳ፤ በጣርማ በርና በደብረ ሲና ገደል አፋፍ ላይ ያለ ዋሻ በናዳ አፉ ይዘጋል፣ ያን ጊዜ መንገዱን የሚያውቀው እረኛ ብቻ ይሆናል።

ቀጥሎ የመደበቅ ነገር ነው። ጦር ሲመጣ ዐፅሙና ንዋያተ ቅድሳቱ ይደበቃሉ፤ ይህ ትክክል ነው። ምስጢር የሚሆነው ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ሲያውቀው ነው፤ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ሊሞቱ ይችላሉ። በ1929 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰት ሊከበር ምእመኑና መነኮሳቱ ደብረ ሊባኖስ ተሰብስበው ነበር፤ የጣልያኑ ጄኔራል ማሌቲ ጦር ግቢውን ከበበ። በማግስቱ በላጋ ወልዴ ሸለቆ ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ደግሞ ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተወስደው ከቀናት በኋላ ተገደሉ። የጣልያኖቹ ሪፖርት 449 ይላል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ ያደርሰዋል። ቁጥሩ ያሳምማል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ደግሞ ማን እንደሞተ አስተውሉ። ገበዙ፣ መጋቢው፣ መምህሩና ተተኪ ሊሆን የነበረው ዲያቆን አብረው ነው የሄዱት። አስተማሪና ተማሪ በአንድ ሳምንት ሲጠፉ የቃል ሰንሰለቱ የሚቀጠልበት ቀለበት አይቀረውም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፍቼው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ተመልሶ ሲቆም አገር ሁሉ አይቷል። መቃብራቸው ግን አይታወቅም። እዚህ ላይ የረሳ ሰው የለም፤ ገዳዩ ሆን ብሎ ሰወረው። መቃብር የመታሰቢያና የመሰባሰቢያ ስፍራ እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ በእጃችሁ ካለው ልጀምር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ችግሩ ምን እንደሚጻፍ አለማወቁ ላይ ነው።

አስቀድሞ የራሳችሁን መጻሕፍት አንብቡ። ከገድሉ መጨረሻውን ምዕራፍና ተአምራቱን፤ ከስንክሳሩ የዕረፍቱንና የፍልሰቱን ቀን፤ ከወንጌሉ ደግሞ ኅዳጉን። የርስትና የጉልት ወሰን፣ የዕቃ ዝርዝር፣ «በእገሌ ዘመን ይህ ሆነ» የሚል ማስታወሻ የሚገኘው በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነው። መጽሐፉ ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተቀዱት በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ ናቸው፤ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል።

ከዚያ ሰው ጠይቁ፤ ለየብቻ እንጂ በጉባኤ አይደለም። በጉባኤ አንድ ሽማግሌ ከተናገረ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት ነው» ይላል፤ አበቃ። ገበዙን፣ አዋሳኝ ገበሬውን፣ ጸበል የምትቀዳዋን እናት፣ እረኛውን ጠይቁ። «ይህ የአቡነ እገሌ መቃብር ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱን ራሳችሁ ሰጣችሁት። «ይህ ቦታ ምን ይባላል? ለምን አይታረስም? እዚህ ጋ ጫማ የሚወለቀው ለምንድን ነው?» በሉ። የሰጡትን ቃል እንደተናገሩት ጻፉ፤ ከማን እንደሰሙትም ጨምሩ። ከአባቱ የሰማና ከወጣት ሰባኪ የሰማ እኩል ምስክር አይደሉም።

ሦስተኛው ልኬት ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ ገደል ሥርና ዋሻ አፍ ላይ ከዚያ እጅግ ይብሳል። መቃብር ደግሞ ሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ ጂፒኤሱ ወደ ግቢው ያደርሳል፤ ወደ መቃብሩ የሚያደርሰው የጨርቅ ሜትር ነው። የማይነሡ ሁለት ነጥቦች ምረጡ፦ ከምድር የወጣ አለት፣ የአሮጌው ቅጥር የማዕዘን ድንጋይ። ዛፍ አይሁን፤ ጽዱም ወይራውም ይቆረጣል። ቤተ ልሔሙም አይሁን፤ እሱም ይፈርሳል። ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ መቃብሩ ራስጌ ያለውን ርቀት ለኩ። ሁለቱ የሜትር መስመሮች መቃብሩ ላይ ሲገናኙ ወደ ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ቢጠጉ መልካም ነው፤ ጎን ለጎን ከሄዱ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ይሆናል። ሦስተኛ ነጥብ ለማረጋገጫ ጨምሩ። ከድሮው 1፡50,000 ካርታ ላይ ቁጥር የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ያ ካርታ የተሠራበት አዲንዳን የተባለው የልኬት መነሻ ስልካችሁ ከሚጠቀምበት ጋር ወደ 200 ሜትር ይለያያል። አንድ ሸንተረር ለመሳት ይበቃል።

መዝገቡ በሦስት ይቀዳ፤ ለደብሩ፣ ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ ለሀገረ ስብከቱ። በእርሳስ የተጻፈ ከብዙ ቀለም ይልቅ ውኃና ብርሃን ይችላል። ቁጥሩን ግን ፌስቡክ ላይ አታውጡት፤ ሌባም ያነባል። ምስጢር መጥፋትን ያመጣል፣ ማወጅ ደግሞ ስርቆትን፤ ዕቃ ቤት በሁለትና በሦስት ቁልፍ ሲዘጋ አባቶች ያዩት መካከለኛ መንገድ ለዚህም ይሆናል።

ዐፅሙ በሣጥን ያለ ከሆነ ጨርቁን ስትቀይሩ አሮጌውን አትጣሉ። ስሙ የተጻፈው እሱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ ብዙ ስም የጠፋው በጥሩ ልብ ጨርቅ በቀየረ ሰው እጅ ነው። በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ እርጥበት ያስራል፣ ሻጋታ ያመጣል። የጥጥ ጨርቅና የጽድ ሣጥን ይበቃሉ። ብረት ይዝጋል፣ ቫርኒሽና ሽቱ ቅባት ዐፅሙን ያበላሻሉ። ውኃ አይንካው። ጧፍ ከበላዩ አይብራ።

ሠራተኛ መሠረት ሲቆፍር ዐፅም ቢያገኝስ? ዶማው ይቁም። ባለበት ንጹሕ ነጠላ ይልበስ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ጥልቀቱና አቅጣጫው ይለካ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ ድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይገለጻል፤ ያለ ፈቃድ ቁፋሮም አይደረግም። ሕዝቡ በዚያው ሰዓት ስም ሊያወጣለት ይቸኩላል፤ አባቶች ይህን ግፊት መቋቋም አለባችሁ። ላቦራቶሪ ዕድሜውንና ወንድ ይሁን ሴት ሊናገር ይችላል፤ ለዚያውም ከዐፅሙ ተቆርሶ ይቃጠላል፣ ይህን መፍቀድ አለመፍቀድ የሊቃነ ጳጳሳት ጉዳይ ነው። ስም የሚናገር መሣሪያ ግን የለም። ስም የሚገኘው ከመጽሐፍና ከምስክር ብቻ ነው፤ እስኪገኝ ድረስ በመዝገቡ ላይ «ስሙ ያልታወቀ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ የተገኘ» ተብሎ ይጻፍ። ምስክሩ አንድ ብቻ ከሆነ «ይባላል» የምትለዋ ቃል ከስሙ ጋር ትቀመጥ፤ የሚቀጥለው ጸሐፊ እንዳይሰርዛትም ከሥሯ መስመር ይሰመርባት። በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ ሁለት ሰው፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ ሜትሩን ይዘው ወጥተው ልኬቱን ይድገሙት።